የፊት ቀኝ ጎማ ሲጢጥታ

ባሌን ሰፈሩ «ዶክተር ጆሮ» ይለዋል። መካኒክ ነው። መኪና ገና ከጥግ ስትታጠፍ ድምጿን ሰምቶ፣ ኮፈኗን እንኳ ሳይከፍት የታመመችውን ይናገራል። ይናገር ነበር ልበል። ቤት ውስጥ የበር ደወል ሲያቃጭል ከጋዜጣው ቀና አይልም። ያልሰማውንም እንደ ሰማ ሰው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ጆሮው እንደ ደከመ ያወራል፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ወሬው እሱ ዘንድ አልደረሰም። እኔም አላደረስኩም።

ያን ጠዋት አስተማሪዋ ልጃችን አሮጌዋን መኪናችንን ይዛ ወደ ተመደበችበት ሩቅ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነበር። መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። መኪናዋ ደግሞ ከሰሞኑ በፊት ቀኝ ጎማዋ በኩል ሲጢጥ ትላለች። እሱ ልጃችን ነግራው ጎማውን በክሪክ አንስቶ ወዘወዘው፤ ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታ ግራሶ ቀባና እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እንደ አዲስ ናት» አለ።

ልጄ እስከ መታጠፊያው ነድታ ተመለሰች። ሲጢጥ፣ ሲጢጥ፣ ሲጢጥ። በር ላይ ሆኜ እሰማለሁ። እሱ አጠገቤ ቆሞ ፈገግ ብሏል።

«አየሽ?» አለኝ።

ገባሁ፣ ወጣሁ። የልጄን ሻንጣ ከመኪናው አወረድኩ፣ መልሼ ጫንኩ፣ እንደገና አወረድኩ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል? ረፈደብኝ እኮ!»

«ድምፁ አይሰማሽም?»

«ይሰማኛል። ግን አባዬ ደህና ናት ካለ ደህና ናት።»

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። ከገዛ ጆሮዋ ይልቅ የእሱን ታምናለች። ታዲያ ምን ላድርግ? በልጃችን ፊት «አትሰማም» ልበለው? ሰውየው የሚኖረው በዚያች ስሙ ነው። ዝም ብዬስ ያን ሁሉ ቁልቁለት ልስደዳት? እግሬ አላርፍ አለ። መኪናዋን ስዞር ስዞር ቆየሁና ቁልፉን ከልጄ እጅ መንጭቄ ለእሱ ሰጠሁት።

«አንድ ጊዜ አዙረኝ።»

«አሁን? ምን ፈልገሽ?»

«ሽርሽር አማረኝ። ሚስትህ አይደለሁ?»

እየሳቀ አስነሳት። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ጎማው ዘመምኩ፤ ያየኝ ሁሉ አበደች ሳይል አይቀርም። ገና እንደ ተንቀሳቀስን ጀመረ።

«ሲጢጥ ይላል!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ሳቁ ጠፋ። መሪውን ጨብጦ መንገድ መንገዱን ያያል። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በለሰለሰ ድምፅ «አሁንስ?» አለኝ።

«ይላል።»

ፍሬኑን በቀስታ ነካ አደረገ። «አሁንስ?»

«ጠፋ።»

እግሩን አነሳ። «አሁን?»

«መጣ!»

«ኩሽኔታ አይደለም» አለ። ቤት አደረሰንና ጎማውን ፈታ። የፍሬኑ ሸራ አልቆ የወረቀት ያህል ቀርቷል። ሸራው ሲሳሳ የሚዞረውን ብረት እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ትንሽ ቆርቆሮ አለች፤ ስትጮህ የሰነበተችው እሷ ናት። ያን ቁልቁለት ሳስበው ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩ።

ከመደርደሪያው አዲስ ሸራ አውጥቶ ግራና ቀኙን ገጠመ። ከዚያ ሳልጠይቀው የመኪናውን በር ከፈተልኝ። ወጣን። አንገቴን አውጥቼ አዳመጥኩ።

«ጸጥ አለ?»

«ጸጥ አለ።»

«ለእኔማ ከመጀመሪያውም ጸጥ እንዳለ ነው» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ስንትና ስንት ጊዜ ያጠራቀምኩት ንዴት ነበረኝ፤ ያኔ ብፈልገው አጣሁት። እጁ ላይ እጄን ጣል አደረግኩ። ግራሶው እጅጌዬን ነካው፣ ይንካው።

ስንመለስ ልጃችን በር ላይ ቆማ የሆነ ነገር አለች። ራሱን ሊነቀንቅ ሲል ተወውና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለች?»

«ልሂድ ወይ ነው የምትለው።»

«ትሂድ» አለ። ትንሽ አሰበና ፊቴን እያየ ጨመረበት፦

«አይደል?»