ወባ ነው በሉ

ፖሊሶች ሊይዙኝ የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ለአንድ ሳሉግ የላስቲክ ጫማ እያስለካሁ ነበር፤ ሳሉግ የምንለው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። «ለአንድ ጥያቄ ትፈለጋለህ» አሉኝ። ሱቄን እንኳ አልቆለፍኩም፤ ቶሎ የምመለስ መስሎኝ።

ያስገቡኝ ድሮ የሰሊጥ መጋዘን የነበረ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። የመተማን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጀርባህን ለማስደገፍ ስትሞክር ግድግዳው ይለበልብሃል። አንድ ሽማግሌ እስረኛ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ምን አጥፍተህ ነው?»

«ኮሌራ ነው ስላልኩ።»

«አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ምኑ ላይ ነው ወንጀሉ?»

እኔስ መች ገባኝ! በየጠዋቱ ማይክ የተገጠመበት መኪና ከተማውን ይዞራል። «ተራ ተቅማጥና ትውከት ነው፤ የሚያሰጋ ነገር የለም፤ አትረበሹ» ይላል። ትንሽ ሄድ ይልና ደግሞ «ውሃ ሳታፈሉ እንዳትጠጡ፤ ሬሳ እንዳታጥቡ» ይላል። የማያሰጋ ከሆነ ሬሳ ማጠብ ለምን ይከለከላል? ሳሉጎቹ ግራ ቢገባቸው ሱቄ ደጃፍ ቆመው ጠየቁኝ። በሽታውን ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ሳለሁ አይቸው ነበርና በስሙ ጠራሁት። «ኮሌራ ነው፤ የእርሻውን ኩሬ ውሃ አትጠጡ» አልኳቸው። በማግስቱ ወደ ኮኪት እርሻዎች ሠራተኛ ሊጭኑ የመጡት መኪኖች ባዷቸውን ተመለሱ። ሰሊጡን አረም ዋጠው፣ ባለሀብቶቹ ጮኹ፣ እኔም «ሠራተኛ አስበርግገሃል» ተብየ ታሰርኩ።

እዚያው ባደርኩ ማግስት ረፋዱ ላይ፣ ከአሠሪው ተጣልቶ የታሰረ አንድ ጎጃሜ ያስመልሰው ጀመር። ወዲያው ታችም ለቀቀበት፤ የሚወጣው የሩዝ ውሃ የመሰለ ነገር ነው። እስረኛው ሁሉ ወደ ሌላኛው ግድግዳ ሸሸ። ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን ገፈፉና «ያዝ እስቲ ያንን ጫፍ» አሉኝ። ጋቢውን መጋረጃ አድርገን፣ ፊታችንን አዙረን ቆምን። ሰውየው ከኋላችን ባልዲው ላይ ተቀመጠ። ጠባቂያችን የሳንጃ ልጅ የሆነ ወጣት ፖሊስ ነበር። ስኳርና ጨው ብለምነው ሄዶ አመጣልኝ፤ በውሃ በጥብጨ ለበሽተኛው በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት።

ከቀትር በኋላ የፖሊሱ አለቃ መጣ። ከበሩ ላይ ሆኖ አፍንጫውን ይዞ አየና «ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ወባ ነው በሉ» ብሎ ሄደ።

ወባ! እኛ ቆላ ወባ ማንንም አያስደነግጥም። ግን ወባ ተብሎ ከገባ ወረፋ ሲጠብቅ ነው የሚያልቀው፤ የኮሌራው ሕክምና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ድንኳን ውስጥ ነው።

«ወባ ይሻለኛል፣ ጋሼ» አለኝ ጎጃሜው፣ ድምፁ ሰልሎ። «ድንኳኑ የገባ አይወጣም አሉ። መርፌ ወግተው ይጨርሱታል አሉ።»

«ማን አለ?»

«ሰው ሁሉ ነዋ! በሽታ የለም ይሉናል። በሽታ ከሌለ ድንኳኑን ለምን ተከሉት?»

ጥያቄው ልክ ነው።

«እኔ ገብቸ አይቸዋለሁ» አልኩት። «የጎረቤቴን ልጅ አድርሸ። መሀሉ የተቀደደ አልጋ አለ፣ ከሥሩ ባልዲ አለ። ክንድህ ላይ ግሉኮስ ይሰቅሉልሃል። ክሎሪን ይረጩብሃል፣ ዓይን ያቃጥላል። ሌላ ነገር የለም። ልጅቱ በእግሯ ወጥታለች።»

«ማል።»

«ወላሂ።»

ብዙ አየኝ። «እሽ፣ ድንኳኑ ይሁን» አለ።

ፖሊሱ ቃሬዛ አስይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ቆምኩበት። «ወንድሜ፣ ይሄ ሰው እንዳይሞትብህ። ወባ አይደለም፤ ኮሌራ ነው ብለህ አስረክበው።»

«በዚሁ አፍህ አይደል እንዴ የታሰርከው?»

«አዎ። አሁን ደግሞ የት ልታስገባኝ ነው?»

እስረኛው ሁሉ ሳቀ። የሚሳቅበት ሰዓት አልነበረም፣ ግን ሳቀ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን እየለበሱ «እሱ ብቻ አይደለም፤ ሁላችንም ኮሌራ ነው ብለናል» አሉ። ፖሊሱ አንዴ እኛን፣ አንዴ አለቃው የሄደበትን አቅጣጫ አየ። ከዚያ ሰውየውን አሸክሞ ወጣ።

እኔ ያለ ክስ ተለቀቅሁ፤ ምክንያቱን የነገረኝ የለም። ሱቄን በከፈትኩ ሰሞን ያ የማይክ መኪና «ኮሌራ ስለገባ የኩሬ ውሃ አትጠጡ» እያለ በደጄ አለፈ። ቃል በቃል የኔው ነገር! ልሳቅ ወይስ ልናደድ፣ ቸገረኝ።

ባለፈው ሰሞን ያ ፖሊስ፣ ማዕረግ ጨምሮ፣ የሞባይል ካርድ ሊገዛ ሱቄ መጣ። እንደ ድሮ ወዳጅ ተሳሳምን። ካርዱን እየሰጠሁ ጠየቅሁት።

«ያ ጎጃሜስ?»

«ድኗል። አብደራፊ ትራክተር ላይ ሆኖ አየሁት።»

«ተመስገን! ምን ብለህ ነበር ያስረከብከው?»

ዞሮ መንገዱን አየ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኮሌራ ብየ ነዋ። ነርሷም ጻፈችው፣ አለቃየም ሰማ።» የገዛውን ካርድ በጣቱ አገላበጠ። «ታዲያ እኔን ለምን አላሰሩኝም?»

«እኔንጃ» አልኩት። ሁለታችንም መንገዱን እናይ ጀመር።