ፔጆዋ ካልሄደች እኔም አልሄድም

ወንዳፍራሽን እዚህ አሜሪካ፣ የሐበሻ ሰፈራችን ፌርፋክስ ላይ የማያውቀው የለም። ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የኖረ ሰው ነው። ቤንትሌይ በሉት፣ ቴስላ በሉት፣ ያልነዳው የለም፤ ከሃምሳ ሜትር በላይ ግን አንዱንም አልነዳም። የራሱ መኪና፣ የ1974 ፔጆ 504፣ አፓርታማቸው ጓሮ ሸራ ለብሳ አሥራ አራት ዓመት ተኝታ ነበር። ሚስቱ ሥርጉት ቶራንስ ድረስ ሄዳ አንድ አዛውንት ትንከባከባለች፤ በየቀኑ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች። "መኪና የለንም" ካለች ይቆጣል። "አለችን እንጂ! ያውም ክላሲክ!" ይላል።

እኔ ዙሌይካ እባላለሁ፤ እዚያው ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ አለኝ። ምላሷ ከበርበሬዋ ይብሳል ይሉኛል። ይበሉ። ወንዳፍራሽን ስለምወደው ነው የማማው፤ የማልወደውን ሰውማ ምን ቆርጦኝ ስሙን አነሳለሁ?

ነገሩ የተጀመረው በፈረንጆቹ 2015 ለልጁ ለማዕዶት ሽማግሌ የመጣ ቀን ነው። ማዕዶት በርባንክ ነርስ ናት፤ የሚያገባት ልጅ ተስፋ ይባላል፤ ጨዋ ልጅ ነው። ወንዳፍራሽ "ልጄን ሰጥቻለሁ" ካለ በኋላ ዝም ቢል ምን ነበረበት? ማን ያስችለዋል! ብድግ አለና፣ "ልጄ ከሆስፒታል ቤቷ የገባችው በፔጆዬ ነው። ከቤቴ የምትወጣውም በፔጆዬ ነው። ፔጆዋ ካልሄደች እኔም አልሄድም!" አለ።

ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ማዕዶት ሳቀች፤ የምሩን አልመሰላትም። ሥርጉት ግን ጭንቅላቷን ያዘች። ይህ ሰውዬ ሽማግሌ ፊት የተናገረውን ከሚያጥፍ ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል።

በማግስቱ ሸራው ተገፈፈ። መጀመሪያ ላይ ወንዳፍራሽ ብልህ ሥራ ሠርቶ ነበር፣ አልዋሽም፤ ፒኮ መንገድ ላይ ያለውን ኤርኔስቶ የሚባል የሜክሲኮ መካኒክ አምጥቶ አሳየው። ኤርኔስቶ የነዳጁን ክዳን ከፈተ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ።

"አሥራ አራት ዓመት የተቀመጠ ቤንዚን ቤንዚን አይደለም፣ ሙጫ ነው" አለው። "መጀመሪያ እሱን ልድፋው። ከዚያ ታንከሩንና ካርቡሬተሩን አጥባለሁ። ስድስት መቶ ዶላር፣ ሁለት ሳምንት።"

ወንዳፍራሽ ለመኪናዋ የያዘው ስድስት መቶ ዶላር ነበር። እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ክፍሉ ከች አለ። ክፍሉ ታክሲ ነጂ ነው፤ አዲስ አበባ ሳለ አንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ፔጆ ነድቷል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ሦስት ዓመት ሲያወራ ነው የኖረው።

"ለፔጆ ደግሞ የሰው አገር መካኒክ? እኛ በፔጆ ያደግነው ሞተናል እንዴ?"

በቃ። ወንዳፍራሽን ይሉኝታ ያዘው፤ ኤርኔስቶን አመስግኖ ሸኘው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ወንዶቹ ኮፈን ከፍተው ይሰበሰቡ ጀመር። አንደኛው ቅዳሜ ባትሪው ነው ተባለ፤ አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሁለተኛው ቅዳሜ ካንዴላው ነው ተባለ፤ ካንዴላ ተቀየረ። ሦስተኛው ቅዳሜ ሞተሪኖው ነው ተባለ፤ ሞተሪኖ ከኢንተርኔት መጣ። ባጀቱ አለቀ፤ ሙጫው ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ሥርጉት አንድ ቀን፣ "ያ ሰውዬ እኮ ቤንዚኑን ነበር ያለው" ብትል፣ "አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ!" ተባለች። እውነት ነው፤ በአውቶቡስ የምትሄድ ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች! ቸርቻቸው ያለው ወንድም አሥራት ሳይቀር መጥቶ ኮፈኑ ላይ እጁን ጭኖ ጸለየ። እኔም በልቤ ቢስሚላህ አልኩ። ጸሎታችን ሳይደርስ አልቀረም፤ ቤንዚኑ ነው ሞተሩ ጋ ያልደረሰው።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ፔጆዋ ሪባን ታሰረላት፤ አበባ ተለጠፈላት። ሙሽራዋ በአራት ሰዓት ከቤት ልትወጣ ነው። ወንዳፍራሽ ቁልፉን አዞረ፤ ኸኸኸኸ አለች፣ ዝም አለች። ደጋግሞ አዞረ። ሰዓቱ አለፈ። በመጨረሻ ሥርጉት ልጇን በኪራይ መኪና ይዛ ቸርች ሄደች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። "እንገፋታለን!" አለ ክፍሉ። "ተገፍታ የማትነሳ ፔጆ የታለች?"

ስድስት ሱፍ የለበሱ ወንዶች መግፋት ጀመሩ። ክፍሉ እንደ ባለሙያ መሪውን ያዘ፤ ወንዳፍራሽ ከኋላ ይገፋል። ፌርፋክስ ወጡ። ፈረንጁ ሁሉ ቆሞ በስልኩ ቪዲዮ ያነሳቸዋል፤ የሰርግ ባህላችን መስሎት ይሆናል። ልክ ሱቄ ፊት ለፊት ሲደርሱ፣ "አሁን! ፍሪሲዮኑን ልቀቀው!" ብለው ጮኹ።

ክፍሉ በግራ እግሩ ፈለገ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ፈለገ። ፍሪሲዮን የለም።

"ወንዳፍራሽ! ይቺ መኪና አውቶማቲክ ናት እንዴ?"

"አዎ፣ ምነው?"

ያ ረቢ! ለካ ክፍሉ አውቶማቲክ መኪና ተገፍቶ እንደማይነሳ ያውቃል፤ ፔጆዋ አውቶማቲክ መሆኗን ግን አያውቅም። ማርሿ እንደ አዲስ አበባዎቹ መሪው ሥር ስለሆነ ያው መስላዋለች። ሁለት ወር ሙሉ ኮፈን ውስጥ ሲያፈጥ ከረመ እንጂ አንድ ቀን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ወንዳፍራሽ ደግሞ አውቶማቲክ መሆኗን ያውቃል፤ መንዳት የተማረው ግን እዚሁ አሜሪካ ስለሆነ፣ አውቶማቲክ ተገፍታ እንደማትነሳ አያውቅም። አንዱ ሌላውን ቢጠይቀው ምን ነበረበት? ጠይቆ አላዋቂ ከመባል ገፍቶ መሞት ይሻላል!

ወንዶቹ ሰዓታቸውን አዩ፣ ላባቸውን ጠረጉ፣ አንድ በአንድ ሹልክ አሉ። መጀመሪያ የሄደው ክፍሉ ነው።

እኔ ለብሼ ተኳኩዬ ሱቄን እየቆለፍኩ ነበር። "ና፣ ኮሮላዬ ውስጥ ግባ" አልኩት።

"ሽማግሌ ፊት ተናግሬያለሁ።"

"አንተ ሰውዬ! ልጅህ እየጠበቀችህ ነው!"

ስልኩ ጮኸ። ማዕዶት ናት። "መጣሁ የኔ እናት፣ አምስት ደቂቃ" አላት። ወላሂ በጥፊ ልለው እጄን በላኝ። ጥዬው ሄድኩ።

ቸርች ውስጥ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ተጠበቀ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ማዕዶት ዞር ትላለች። ፓስተሩ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሥርጉት ተነሳች፤ የልጇን ክንድ ያዘች፣ ቀና ብላ እስከ መድረኩ አደረሰቻት። ግንባሯ ላይ ሳመቻትና ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ፤ ንዴት ነው ብል ውሸት ነው።

ሥርዓቱ አልቆ ሰው ወደ ግብዣው አዳራሽ ሲሻገር ነው የፓርኪንጉ በር ላይ ጥሩምባ የተሰማው። ፔጆዋ! ጭሷ ከሰማይ ደርሷል። ለካ ወንዳፍራሽ ሁላችንም ከሄድን በኋላ በእግሩ ሮጦ ኤርኔስቶን ለምኖት ኖሯል። ኤርኔስቶ አሮጌውን ቤንዚን ትቶ ከአንድ ጀሪካን በጎማ ቱቦ አዲስ ቤንዚን ቀጠለላት፣ ካርቡሬተሩን አጠበ፣ አስነሳት። አርባ ደቂቃ ነው የፈጀበት። ብቻ እንዳታጠፋት፣ ሁለተኛ አትነሳልህም ብሎታል።

ስለዚህ ወንዳፍራሽ ሞተሩን እያስጓራ መሪውን ጨብጦ ቁጭ አለ። ማዕዶት ቬሏን ሰብስባ በመስኮቱ በኩል ቀረበች።

"ይኸው ሄደች! አላልኩም?" አላት። "ግቢ የኔ ልጅ፣ አንዴ ልዙርብሽ።"

"አባዬ፣ እኔ መኪናዋን አልጠራሁም። አንተን ነው የጠራሁት። ውረድ።"

"ካጠፋኋት አትነሳም እኮ።"

"አውቃለሁ" አለችው። እጇን በመስኮቱ አስገብታ ቁልፉን አዞረችው። ፔጆዋ አንዴ ተንቀጠቀጠችና ዝም አለች።

ወንዳፍራሽ ወረደ። የሱፉ እጅጌ በግራሶ ጠቁሯል። አንድ ቋጠሮ ስድብ አዘጋጅቼለት ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት።

"ማን ይዞሽ ገባ?" አላት።

"እማዬ።"

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ፣ "አንዴ ልያዝሽ?" አላት።

"አባዬ፣ አለቀ እኮ።"

"እስከ አዳራሹ በር።"

ከፓርኪንጉ እስከ አዳራሹ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም። ክንዷን ሰጠችው፤ ያችኑ ሃያ እርምጃ ቀስ ብሎ፣ በጣም ቀስ ብሎ ይዟት ሄደ።