የአባቴ እግርና ሽሮ የመሰለው ዱቄት

አባቴ ከቂርቆስ እስከ ካዛንቺስ በእግሩ እየሄደ የሚሠራ ሰው ነበር። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ፋይል ሲያገላብጥ ስለሚውል «እግሬን ጠዋት ካላናገርኩት ማታ ያኮርፈኛል» ይል ነበር። ትምህርት ቤቴ በመንገዱ ላይ ስለነበረ አብሬው እሄዳለሁ። እጄን ይዞ የሚጎትት ዓይነት አባት አልነበረም፤ ትንሽ ቀደም ብሎ እየሄደ ያየውን ሁሉ ይተርክልኛል። ይኼ ግንብ መቼ እንደተሠራ፣ ያ ሱቅ ቀድሞ ምን ይሸጥ እንደነበር፣ እዚህ በረንዳ ላይ ማን ማንን እንደጠበቀ። ግማሹን ከራሱ ፈጥሮ እንደሚያወራ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አሁን ያ ውሸት ሁሉ ይናፍቀኛል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት እስከ ካዛንቺስ አብሬው ሄጄ ነው ታክሲ የምይዘው። ያን መንገድ የወሰደብን አንድ ክዳን የሌለው ቱቦ ነው። ኬሚስትሪ ለሁለተኛ ዲግሪ መማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ ጎርፍ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገባና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ዘመድ ጎረቤቱ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ። ከሐኪም በፊት ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻው ጥሩ አድርገው አሹት፣ በሸንበቆም አሰሩት። እኔ፣ የተማርኩት ተብዬዋ፣ ቅቤውን አቅልጬ ያቀረብኩት ራሴ ነኝ። ሐኪም ቤት የደረስነው እግሩ አብጦ መያዣ መጨበጫ ሲያጣ ነው። ብረት ከነብሎኑ ገባለት፤ ወራት አለፉ፤ አጥንቱ ግን አልገጠመም።

ሐኪሙ ሌላ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልግ ነገረን። ከዳሌው ትንሽ አጥንት ተወስዶ ስብራቱ ላይ ይጨመራል፣ ብረቱም ይቀየራል። «ቶሎ ከሆነ በእግርዎ ይሄዳሉ። ከዘገየ ግን ቃል አልገባልዎትም» አለው። ቀጠሮው ካርዱ ላይ ተጻፈ፤ ካርዱን አባቴ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

በዚያው ሰሞን የመመረቂያ ሥራዬን ጀመርኩ። ሴሪየም የሚባል ማዕድን አለ፤ ብርቅዬ ከሚባሉት የምድር ማዕድናት አንዱ ነው፤ ብርቅነቱ ግን የስም ነው እንጂ የላይተር ድንጋይ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። ከእሱ ዱቄት እሠራለሁ። አንዷ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ብዙ ሺህ ጊዜ ታንሳለች፤ ብልቃጥ ውስጥ ተጠራቅማ ስትታይ ግን ነጣ ያለች ሽሮ ናት። ስብራት ውስጥ የሚገባ ብረት ላይ በስሱ ሲቀባ፣ በብረቱ ዙሪያ የሚነሳውን መቆጣት ያበርዳል፣ አጥንት የሚሠሩት ህዋሳትም ብረቱን ሳይሸሹ ይጠጉታል ተብሎ ይታሰባል። ነገሩ ሁሉ ያለው «ይታሰባል» የምትለዋ ላይ ነው። እኛ ዱቄቱን ሠርተን ቁራጭ ብረት ላይ እንቀባለን፤ ህዋስ ላይ የሚሞክሩት ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ እንስሳ አለ፣ ከዚያ ብዙ ዓመት አለ። ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ቁጭ አድርጌ አስረድቼዋለሁ። እሱ ግን ብርቱካንና ሙዝ ይዞ ሊጠይቀው ለሚመጣ የዕድር ሰው ሁሉ «ልጄ የአጥንት መድኃኒት እየሠራች ነው» ይላል። ሰፈሩ ሰማ። አንዲት ጎረቤታችን የጉልበታቸውን ራጅ በፖስታ ይዘው መጡና «እንደው ትንሽ ብትቆነጥሪልኝ ምን አለበት ልጄ» አሉኝ። ለሰው የሚሆን አይደለም ብላቸው ሰሰተች ብለው አኮረፉኝ። አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ይለኝ ስለነበር አጥብቄ አላረምኩትም።

ሥራው ግን አላስደሰተኝም። ዱቄቱ የሚበስልበት የላብራቶሪ ምድጃ ሲግል መብራት ይጠፋል፤ የሳምንት ልፋት ገደል ይገባል፤ እንደገና ከዜሮ። አንድ ቀን እንዲህ ተቃጥዬ ቤት ገባሁና ቦርሳዬን ወርውሬ «አባዬ፣ ያንተ እግር ባይሆን ይኼን ነገር ዛሬ ነበር የምተወው» አልኩት። ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ አየኝ። እኔም እራቴን በልቼ ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ ቀጠሮው መጥቶ አለፈ። «ደውለው አራዘሙት» አለኝ። ሁለተኛውንም «አራዘሙት፣ ማሽን ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። እኛ አገር ማሽን የማይበላሽበት ቀን የለምና አመንኩት። ሦስተኛው ካለፈ በኋላ ግን እኔ ራሴ ከሰው የወጣ አሮጌ ብረት ለሙከራ ልለምን ወደዚያው ሐኪም ሄድኩ። ሐኪሙ ብረቱን ከመስጠቱ በፊት፣ «አባትሽ ምነው ጠፉ? ሦስት ቀጠሮ አሳለፉ እኮ። ስልክ ብናስደውል፣ ልጄ መድኃኒቱን እስክትጨርስ እጠብቃለሁ አሉ» አለኝ።

እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

«አባዬ፣ ዱቄቱ ላንተ አይደርስም። ሃያ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ጭራሽ ላይሠራም ይችላል። ነግሬህ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«እንደማይደርስልኝ። መጀመሪያ ስትነግሪኝ ገብቶኛል፤ ሞኝ አይደለሁም።»

«ታዲያ ቀጠሮውን ለምን አሳለፍከው?»

እግሩን ትንሽ አሻሸ። «ያንተ እግር ባይሆን ዛሬ ነበር የምተወው አላልሽም? እኔ ከዳንኩ ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ እስክትጨርሺ ልታገስ አልኩ።»

በነጋታው በኮንትራት ታክሲ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ ሐኪሙ የሚችለውን ሁሉ አደረገ። ግን ዘግይተን ነበር። ክራንች ይዞ እስከ ግቢያችን በር ይሄዳል፣ እዚያ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያያል፣ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ካዛንቺስን በእግሩ አላያትም። ስመረቅ በኮንትራት ታክሲ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ ስሜ ሲጠራ አጠገቡ ላሉት ሰዎች «እሷ ናት፣ የአጥንቷ» ሲል ከመድረክ ላይ ሆኜ አየሁት። ከንፈሩን አይቼ ነው ያወቅኩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ሕመም አረፈ።

ዱቄቱን ዛሬም እሠራለሁ። አልተውኩትም፤ ፍርሃቱ ከንቱ ነበር ማለት ነው፣ ወይም ታግሶ አሸንፏል ማለት ነው፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም። ያኔ መስኮቱ ሥር ሳለ ልነግረው የሚገባኝ አንድ ነገር ነበረ። ዱቄቱም ዲግሪውም ገደል ይግባ፣ እኔ የምፈልገው ጠዋት ከቂርቆስ ወጥተን፣ አንተ ቀደም ብለህ፣ እኔ ከኋላህ፣ እየዋሸኸኝ ካዛንቺስ መድረስ ነው ልለው ነበር። አልነገርኩትም። ለኔ ትልቅ ነገር እንዳደረገልኝ አስቦ ፊቱ በርቶ ነበር፤ ያን ማጥፋት አቃተኝ።