አባቴ ኮሶዬ ላይ ጎልፍ የተጫወተ ዕለት

ባለፈው ጥር አንድ እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ... አባቴን «ዛሬ ምሳ ጋባዧ እኔ ነኝ፤ ኮሶዬ እንሂድ» አልኩት።

«ኮሶዬ ማን ሞተ?» አለኝ።

የምሩን ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከዳባት ጎንደር ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ፈረንጁ ሁሉ ኮሶዬ ላይ መኪና አስቁሞ ገደሉን ፎቶ ሲያነሳ፣ እሱ ተሳፋሪ አውርዶ ተሳፋሪ ጭኖ ይሄዳል። ለመዝናናት ብሎ የትም ሄዶ አያውቅም። አምና «ወገቤን አሞኛል» ብሎ መኪናዋን ለአጎቴ ልጅ አስረከበና ቤት ተቀመጠ። እኔ ደባርቅ ነው የማስተምረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘዋለሁ። ያ ሰፈር የሚያምሰው ሰውዬ እንዲህ ሆኖ ሳየው ሆዴ አይችልም።

እንደምንም አሳምኜ ኮቱን አስለበስኩት። የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ ሹፌሩን ሲነዘንዘው ዋለ። «ማርሽ ቀንስ እንጂ! ሞተሩ ሲያለቅስ አይሰማህም?» ልጁ ሥራ ያስተማረው እሱ ስለሆነ «እሺ ጋሼ... እሺ ጋሼ» እያለ ቻለው።

ኮሶዬ ያለው ሎጅ ደርሰን ገደሉ አፋፍ ላይ ያለ ጠረጴዛ ያዝን። ቀኑ ቁልጭ ያለ ነበር። ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር የለም። ከታች ያሉት ተራሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ።

«አባዬ፣ እንዴት ነው?» አልኩት በደስታ።

አንገቱን ወደ ገደሉ አሰገገ። «ጥሩ ነው... ጉሙ ባይኖር ደግሞ የበለጠ ያምር ነበር።»

ክው አልኩ። ፊቱን አየሁት... እየቀለደ አልነበረም።

ወዲያው አጠገባችን ካለው ሣር ላይ «ጧ!» የሚል ድምፅ መጣ። ባርኔጣ ያደረጉ ጠና ያሉ ሰውዬ በቀጭን ዱላ ትንሽ ነጭ ኳስ ይመታሉ።

አባቴ ጆሮውን አቀና። «ምንድን ነው እሱ?»

«ጎልፍ ነው አባዬ። በዱላ ኳስ መምታት ነው።»

«ታዲያ ገና ነው በይኛ! እሱንማ በልጅነታችን ስንት እግር ሰብረንበታል።»

ሰውዬው ሰምተው እየሳቁ መጡ። ጋሽ ሙሉጌታ ይባላሉ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ ናቸው። መኪናቸውን አስነስተው አገር ለአገር መዞር ይወዳሉ፤ ዱላቸውም አብራቸው ትዞራለች። «ገና ተጫዋች ከሆኑማ ይሞክሯት» ብለው ለአባቴ ሰጡት።

ኮቱን አውልቆ አስያዘኝ። መጀመሪያ ሲሰነዝር ሣሩን ነቀለው። ሁለተኛውንም ሳተ። ጋሽ ሙሉጌታ ጎንበስ አሉና የዱላውን ጫፍ ይዘው ኳሷ ጋ አስጠጉለት።

ሦስተኛው... «ጧ!»

ኳሷ ሽቅብ ተተኮሰች። ከሜዳው ማዶ ካለው ጽድ ሥር አረፈች። አስተናጋጆቹ አጨበጨቡ። ነጭ ስለሆነች ከነበርንበት ቁልጭ ብላ ትታያለች።

አባቴ ዱላውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። «የት ወደቀች?»

«ጽዱ ሥር አባዬ... ያቻት።»

«የትኛው ጽድ?»

ያለው አንድ ጽድ ብቻ ነው።

ምሳ ሲደርስ ጋሽ ሙሉጌታ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ይዘው እኛ ጋ ተቀመጡ። የበግ ጥብሱ በሸክላ እየተንጫጫ መጣ። አባቴ ወይኑን አሸተተና «ይሄ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ውጭም ይጠጣል?» አለ። ቀመሰው። ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ደግሞ ደገመው። «ይጎመዝዛል... ግን ጥብሱን ያስበላል።» እውነትም በላ። እንደዚያ ሲበላ ካየሁት ቆይቻለሁ።

ይሄኔ ጋሽ ሙሉጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወንድሜ፣ የባሰብዎ የትኛው ዓይንዎ ነው?» አሉት።

የአባቴ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ...

«ግራው» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ሁሉንም አወጣው። ወገቡን አላመመውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቁልቁለት ሲወርድ መንገዱ ላይ ጥላ የመሰለ ነገር ያያል። አጠገቧ ሲደርስ እንጨት የተሸከመች ሴት ናት። ለጥቂት ነው መሪ አዙሮ ያተረፋት። ቤት እንደደረሰ ቁልፉን አስረከበ።

«ሰው ሳልገድል ብዬ ነው» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ሐኪም አለ እኮ!»

«ዓይንን በስለት ሊነኩት?... ጭራሽ ቢጠፋስ? አሁን እኮ ቢያንስ ጥላሽን አያለሁ።»

የመለሱለት ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው።

«እኔም ሞራ ጋርዶኝ ነበር። ልጆቼ አልቅሰው ለመኑኝ፣ እንቢ አልኩ። ሚስቴ አኮረፈችኝ፣ እንቢ አልኩ። በኋላ ኳሴ የት እንደምትወድቅ ማየት ሲያቅተኝ ግን... ራሴ ሮጬ ሄጄ ሁለቱንም አስገፈፍኩ። ጥርስ ማስነቀል ይብሳል።»

አባቴ ከትከት ብሎ ሳቀ። «ለኳስ ብለው?»

«ለኳስ ብዬ! ሰው የሚወደውን ማየት አለበት እኮ ወንድሜ።»

አባቴ ብርጭቆውን በዝግታ ጨረሰ። ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ከዚያ «ጎንደር ይሠሩታል?» አለኝ።

ሐሳቡን ሳይቀይር በዚያው ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ ይዤው ሄድኩ። ከምርመራው በኋላ ቀጠሮ ሰጡን፤ ተራው ሲደርስ ግራ ዓይኑ ተሠራ። ሊገባ ሲል እጄን እንዴት አድርጎ እንደጨበጠው... እስካሁን ይሰማኛል።

በነጋታው ሐኪሟ ፋሻውን ፈታችለት። ዓይኑን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት አደረገ። መስኮቱን አየ። እጁን አገላብጦ አየ። ከዚያ እኔ ላይ አፍጥጦ ቀረ። እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። በቃ፣ ሊመርቀኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩለት።

«አንቺ... ይሄን ሁሉ ሽበት መቼ ነው ያወጣሽው?»

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች... እኔ ደግሞ በማግስቱ በቀጥታ ጸጉር ቤት።