የቀረችው አንዲት ቀን

ጋሽ እምሩ መሐል ሜዳ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ደክሟቸዋል። ወገባቸውም፣ ጉሮሯቸውም፣ ትዕግሥታቸውም። እኛ ጎልማሶቹ መምህራን ጡረታቸው መቼ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ምኔን ልትወርሱ?» ይሉናል፤ እውነትም ከአንድ እግረ ሰባራ ወንበር በቀር የሚወረስ የላቸውም።

ኅዳር መግቢያ ላይ ሳሌም የምትባል ተማሪያቸው ከአሮጌ መዝገበ ቃላት «ሪኳይታል» የሚል ቃል ይዛ መጣች።

«ያረጀ ቃል ነው» አሏት። «ዛሬ እንግሊዞቹም እምብዛም አይናገሩትም። በጎ ለዋለልሽም ሆነ ክፉ ለሠራብሽ የምትመልሺው ነው። በእኛ ብድራት።»

«ምሳሌ ይስጡኛ፣ ቲቸር።»

«ቆዪ፣ እነግርሻለሁ» ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ። ኋላ እንደነገሩኝ፣ የመጣላቸው ምሳሌ የራሳቸው ነበር። ተማሪ ሳሉ አባታቸው በአጨዳ ሰሞን ሞቱ። ጎረቤታቸው አያልነሽ ማጭዳቸውን ይዘው መጥተው የሟቹን ገብስ ሦስት ቀን አጨዱ። ይህ ወንፈል ነው፤ ቀን የሚመለሰው በቀን ነው፣ በብርም በስኳርም አይተካም። እምሩ ግን ኮሌጅ ገቡ፤ ከዚያ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጅ። በየዓመቱ «ዘንድሮስ» እንዳሉ ቀሩ።

በማግስቱ የሦስት ቀን ፈቃድ ለምነው፣ ማጭድ ተውሰው፣ ወደ ትውልድ መንደራቸው፣ ወደ ጓሳ አፋፍ ወጡ። ወገባቸውን ስለማውቅ አብሬ ሄድኩ። ማጭዱን ግን አላስነኩኝም።

እማማ አያልነሽ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው አገር ጥለው ሄደው ገብሳቸው እንደቆመ ነበር። ጋሽ እምሩ ሁለት ቀን ሙሉ እያቃሰቱ አጨዱ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ አሮጊቷ ሳቁባቸው።

«ነገ እኮ አቦ ናቸው። በደብራችን በዓል ማን ማጭድ ያነሣል? እንዲያው ከተሜ ሆነህ ቀረህ!»

ጋሽ እምሩ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የአጥቢያቸው ታቦት እንደሚከበር ረስተውት ነበር። አፈሩ። ማልቀስም ቃጣቸው።

«አንዷ ቀን ቀረችብኝ እኮ፣ እማማ። ለመቼ ላድርጋት?»

«ትቆይ፣ ልጄ። መቃብሬን ትቆፍርባታለህ።»

ትምህርት ቤት ስንመለስ ሳሌም ምሳሌዋን ጠየቀች።

«ገና አልጨረስኩትም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ስንት ዓመት ልክፈላት ስል የኖርኳትን ቀን፣ አሁን አትድረስብኝ እያልኩ እጸልያለሁ።»