ለድኩላ የሚሆን ጥይት

አጎቴ ከአብዮቱ በፊት ለአደን የሚመጡ ፈረንጆችን እያጀቡ በረሃ ለበረሃ ሲዞሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ ጠመንጃቸውን በገዛ እጃቸው አስረከቡ፤ ከአልጋቸው ሥር ግን ተረስታ የቀረች አንዲት ካርቶን ጥይት ተገኘችና ታሰሩ። የቀበሌው እስር ቤት አራዳ ውስጥ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ግቢ ነበር። እኔ ያኔ አምስት ኪሎ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበርኩ፤ በምሳ ሰዓት ስንቅ አመላልስላቸዋለሁ። አንዳንድ ቀን የበሩ ጠባቂ ሳህኑን ይቀበለኝና "ትንሽ ቆይ፣ እየተገረፉ ነው" ይለኛል፤ ተኝተዋል የሚል ያህል ቀለል አድርጎ።

የሚገርፋቸው አብዮት ጠባቂ የዶሮ ማነቂያ ልጅ ነው። እኩያዬ ነው፤ ኳስ አብረን ተጫውተናል። ወፌ ላላ ሰቅሎ ውስጥ እግራቸውን በኤሌክትሪክ ገመድ ሲተለትላቸው፣ "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ሆኖብኝ ነው" ይላቸው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ከግርፋቱ ይልቅ ይቅርታው ነበር የሚያናድዳቸው።

አንድ ጠዋት መኪናውን እኛ ጋ የሚያሠራ አንድ መቶ አለቃ ጋራዥ ድረስ መጣ። ቀበሌውን እንደፈለገ የሚያሽከረክረው እሱ ነበር። አለቆቹን የድኩላ ጥብስ ሊጋብዝ አስቧል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ደን ውስጥ ማደን ፈልጓል።

"አጎትህ አደን ያውቃል አሉ። እሱ ይመራናል፣ አንተ ትነዳለህ" አለኝ።

እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ?

ቀበሌ ስንደርስ ከየቤቱ የተለቀመው ጥይት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፏል። አጎቴን ደግፈው አመጧቸው። እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ስላለው በቡትቶ ጠቅልለውታል። ወንበር ላይ አስቀመጧቸውና "በል፣ ለድኩላ የሚሆነውን ምረጥ" አላቸው መቶ አለቃው።

አጎቴ ጥይቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ ጫፋቸውን በጥፍራቸው ይጭሩ ጀመር። ያን ሁሉ ወር እንዲያ ተረጋግተው አይቻቸው አላውቅም። መዳቡ እስከ ጫፉ የለበሰውን ወደ አንድ ወገን፣ እርሳሱ ከጫፉ ብቅ ያለውን ወደ ሌላ ወገን ለዩ።

"ይኼ ለጦር ሜዳ ነው" አሉ መዳብ የለበሰውን እያሳዩ። "እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። ድኩላው ወዲያው አይወድቅም፤ ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ ውሎ ነው የሚሞተው። ጥይቱም አልፎ ከጀርባ ያለውን ያገኛል። እርሳሱ ግን ሥጋ ሲያገኝ ይደፈጠጣል፣ ይሰፋል፣ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። ለአጋዘን ቢሆን ይኼ ከበድ ያለው ይሻላል፤ ለድኩላ ግን ሥጋውን ያበላሻል። ለድኩላ ይኼ መካከለኛው ነው።"

መቶ አለቃው ክላሹን መታ መታ አድርጎ ሳቀ። "እኔ በዚህ ሰው ስጥል ኖሬያለሁ። ድኩላ ከሰው ይበልጣል?"

"ሰው ታስሮ ነዋ የሚመታው" አሉ አጎቴ።

ያው ገራፊያቸው አብዮት ጠባቂ በሰደፍ ትከሻቸውን መታቸው። ከነወንበራቸው ተገለበጡ። ላነሳቸው ስል ሰደፉ ወደ እኔ ዞረ፤ ባለሁበት ቆምኩ። "ተወው፣ ሾፌራችን ነው፤ ለመንገድ ይፈለጋል" አለ መቶ አለቃው። አጎቴ የመረጡት ጥይት እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ መቶ አለቃው የጦር ሜዳውን ጥይት የጎረሰ ክላሹን አንግቶ ወጣ።

ደኑ ውስጥ መቶ አለቃው አብዮት ጠባቂውን በወዲያኛው በኩል ዞሮ ድኩላውን እንዲያስነሳ ላከው። ብዙም ሳንቆይ አንድ ወንድ ድኩላ ከቁጥቋጦው ወጥቶ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። መቶ አለቃው አነጣጠረ።

"ተው! ከወዲያ ሰው አለ!" ብለው ጮኹ አጎቴ።

ሩምታ ለቀቀበት። ድኩላው እንደ ውሻ ጮኾ፣ አንጀቱን እየጎተተ ጫካ ገባ። ከኋላው ደግሞ የሰው ጩኸት ተሰማ። መቶ አለቃው ወደ ድኩላው ሮጠ። አጎቴ በዚያ እግራቸው፣ ግማሹን እየዳሁ፣ ወደ ሰውየው ሄዱ። ጥይቱ የአብዮት ጠባቂውን ጭን በስቶ አልፏል፤ ደሙ ይንፎለፎላል። አጎቴ የራሳቸውን እግር የጠቀለሉበትን ቡትቶ ፈቱና ጭኑን አጥብቀው አሰሩት። እኔ ቁስሉን ተጭኜ ስይዝ፣ ከዛፎቹ መሀል መቶ አለቃው የድኩላውን ጭንቅላት በሰደፍ ሲቀጠቅጥ እሰማ ነበር። ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ስንመለስ ድኩላውም ቁስለኛውም ከላንድሮቨሩ ኋላ ተጋድመዋል፤ ደማቸው ወለሉ ላይ ተቀላቅሏል። አጎቴ ባዶ እግራቸውን ዘርግተው አጠገባቸው ተቀምጠዋል። መቶ አለቃው ዘወር ሳይል፣ "ጥይቱን ማን ነው የመረጠው?" አለ። ደግሞ ጠየቀ።

"ሽማግሌው" አለ ቁስለኛው ከኋላ፣ ጥርሱን ነክሶ።

በማግስቱ ነገሩ አሻጥር ሆነ፦ ሽማግሌው አብዮት ጠባቂውን ሊያስገድል ሆን ብሎ የሚያልፍ ጥይት መረጠ። ቀበሌ ጠሩኝ። "ጋሼ የመረጡት እርሳሱን ነው፤ አልተወሰደም እንጂ" አልኳቸው። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ አንዱ በቡጢ አፌን መታኝና የፊት ጥርሴን አወለቀው። አጎቴን ግን አልጠየቋቸውም። ቀጥታ ገረፏቸው፤ በሌላ ገራፊ፣ ይቅርታ በማይጠይቅ።

በደኑ ጭቃ የተለወሰው ቁስላቸው አመረቀዘ። ጣቶቻቸው ጠቆሩ። የተፈቱት፣ መቶ አለቃው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከተላከ በኋላ ነው፤ የተተካው ሰው የሚሸት እስረኛ አልፈልግም ብሎ አስወጣቸው። ሆስፒታል ወስጃቸው የግራ እግራቸው ጣቶች በሙሉ ተቆረጡ።

ቤት ከገቡ በኋላ አንድ እሑድ ከሰዓት አብዮት ጠባቂው መጣ። እያነከሰ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ይጨምቃል። ተነስቼ ላንቀው ነበር፤ አጎቴ በእጃቸው ምልክት አስቆሙኝ።

"ጋሼ፣ ይማሩኝ። ልጆች አሉኝ፣ ፈርቼ ነው" አለ።

አጎቴ እግሩን አዩት።

"እግርህ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው ጋሼ። ይሄዳል።"

"እንግዲያስ ሂድበት" አሉት።

እንደማሾፍ መስሎት ፈገግ ሊል ሞከረ። ፊታቸውን ሲያይ ተወው። ግድግዳውን እየተደገፈ ቁልቁለቱን ወረደ፤ እኔም በሩን ዘጋሁ። አጎቴ የዚያን ዕለት እህል አልቀመሱም።