ሌሎች፦ ማንበብ ብቻ

ያን ቀን ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ እኔም አላውቅ። የከተማችን የመሐል ሜዳ ንፋስ ሹራቤን ሰርስሮ ይገባል፤ እኔ ግን ላብ በላብ ሆኛለሁ። ለእረፍት ሊደወል ነው፤ በእረፍት ደግሞ ጽሑፌ በድምፅ ማጉያ ለተማሪው ሁሉ ሊነበብ ነው። የመጀመሪያዬ!

የጻፍኩት ጓሳ ስለተከፈተበት ቀን ነበር። ጓሳችን፣ የጋራ የሣር ምድራችን፣ ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሰው ሳይነካው ያድጋል። ሽማግሌዎች "ተከፍቷል" ያሉ ቀን አገሬው ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ለጣሪያ ክዳን የሚሆነውን ያጭዳል። እኔም ከአባቴ ጋር ወጥቼ ነበርና ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩት።

የጻፍኩበት የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር በሊኑክስ ነው የሚሠራው፤ የሚኒ ሚዲያው ደግሞ በዊንዶውስ። የኮምፒውተር መምህራችን ሁለቱን በኬብል አገናኝተው አንድ የጋራ ፎልደር ከፍተውልናል፤ እዚህ ያስቀመጥነው እዚያ ይታያል።

መታየቱስ ታየ! የሚኒ ሚዲያው አለቃ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ የሰው ጽሑፍ መቁረጥ የሚወድ።

"የፋይልሽ ስም ይታየኛል፤ ልክፈተው ስል 'ፈቃድ የለህም' ይለኛል። ምን አድርገሽው ነው አንቺ?"

"እስቲ ደግመህ ንካው!"

"ጣቴ እስኪላጥ ነካሁት እኮ።"

በዊንዶውሱ በኩል የፈቃድ መስኮቱን ከፍቶ፣ እዚያ በተደረደሩት ስሞች ትይዩ "ፍቀድ" በሚለው ላይ ሁሉ ምልክት አደረገ። አሁንም እምቢ።

"ካልተከፈተ ያለፈውን ሳምንት የስፖርት ዜና እደግማለሁ" አለ። ይሄኔ ነው እግሬ አውጪኝ ያልኩት።

መምህሩን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አገኘኋቸው። "ቲቸር፣ ይድረሱልኝ!" አልኩና የሆነውን ነገርኳቸው።

ፋይሉን አይተው ሳቁ። "ማነው የቆለፈው?"

"እኔ ነኛ! ሳልጨርሰው ልጆች እየከፈቱ ሲስቁብኝ ጊዜ።"

"ታዲያ ያ ልጅ በዚያ በኩል የፈለገውን ቢፈቅድ ምን ዋጋ አለው? ፋይሉ ያለው እዚህ ነው። ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዊንዶውስ ብዙ ስም አይደረድርም፤ ባለቤት፣ የባለቤቱ ቡድን፣ ሌሎች፤ በቃ። እሱ ከዚያ ሲመጣ ለዚህ 'ሌሎች' ነው። ጓሳ ተዘግቶ ሳለ ሣሩን ከመንገድ ላይ ታዪው የለ? ታጭጂዋለሽ?"

"ኧረ አላጭድም!"

"በይ ክፈቺዋ። ጥበቃውም ሽማግሌውም አንቺው ነሽ።"

የፋይሉን የፈቃድ መስኮት ከፈትኩ፤ "ሌሎች" ከሚለው ፊት ለፊት "ምንም" ይላል። ስጫነው ሁለት ምርጫ ወጣልኝ፦ "ማንበብ ብቻ" እና "ማንበብና መጻፍ"። እጄ ከመቸኮሉ የተነሳ ወደ ሁለተኛው ሄዶ ነበር። የአለቃው መቁረጥ ትዝ አለኝ። ማንበብ ብቻ!

ሚኒ ሚዲያው ክፍል ስደርስ ደወሉ እየጮኸ ነው። ጽሑፌ ተከፍቶለታል።

"መጨረሻው ረዘመ ብዬ ባሳጥረው አላስቀምጥም አለኝ!"

"የተፈቀደልህ ማንበብ ነዋ።"

"ኮፒ አድርጌ እቆርጠው ነበር፤ ደወሉ አዳነሽ" አለና ማይኩን ከፈተ።

እኔ ቆሜ መስማት አቃተኝ። እወጣለሁ፣ እገባለሁ፣ ግድግዳውን እታከካለሁ። ሣሩ እጄን ሲቆርጠኝ አባቴ የሳቀብኝ ቦታ ላይ ተማሪው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ብቻዬን ዘለልኩ! ከዚያ ያ ሊቆረጥ የነበረው መጨረሻ መጣ፦ አባቴ ከትልቁ ሸክም ትንሽ ቀንሶ ጀርባዬ ላይ አስሮ "ቤታችን ሲከደን ይቺ ያንቺ ናት" ያለኝ። ኳስ የያዙት ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ነበር።

አለቃው በመስኮት ብቅ አለ። "እውነት ግን፣ ያንቺን ሣር የጣሪያው የትኛው ጋ ነው የከደናችሁት?"

"ከበሩ በላይ" አልኩት። "ስገባ ስወጣ አየዋለሁ።"